ከቢጫው ዶቃ በታች

ሐዳ ሰው ትጠየፋለች። አንዳንድ ሰው ማለቴ አይደለም፤ ሰው የተባለውን በሙሉ። ዕድሜዋን በሴቶች ሐማም፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሻካራ ጓንት አጥልቃ የሰው ጀርባ ስትፈትግ ኖራ ባትጠየፍ ነበር የሚገርመው። ከጓንቱ ስር እየተድበለበለ የሚወጣው ግራጫ እድፍ የነጋዴ ሚስትም ትሁን የእረኛ ሚስት መልኩ አንድ ነው። እንዲያውም ሽቶ አርከፍክፈው የሚመጡት ይብሳሉ። ሽቶው በእንፋሎቱ ተንኖ ሲያልቅ ከስሩ የተደበቀው ጠረን ብቅ ይላል። ሐዳ ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተነፍስና ሥራዋን ትቀጥላለች። ቤቷ ገብታ ምሳ ስትበላ በማንኪያ ነው። እጇን በሎሚም በጨውም ብታሸው የሰው ገላ የለቀቃት አይመስላትም። አገሩ ሁሉ ከአንድ ሳህን በዳቦ እያጠቀሰ ሲጎርስ እሷ ማንኪያዋን ይዛ ስለምትቀመጥ ጎረቤቶቿ «ፈረንሳዊቷ» ይሏታል።

ከተማችን ከአትላስ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። እንቅርት እዚህ ብርቅ አይደለም። አያቶቻችን አንገታቸው ላይ ሎሚ የሚያህል፣ አንዳንዶቹም ሮማን የሚያህል ይዘው አግብተዋል፣ ወልደዋል፣ ተጣልተው ታርቀዋል። መንግሥት አዮዲን የገባበት ጨው በፓኬት ቢልክልን «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብለን ለበግ አላስነው፤ እኛ በበቅሎ የሚወርደውን የተራራ ጨው መብላታችንን ቀጠልን። ሴቶቹ ለእንቅርቱ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከአገጭ በታች ትልልቅ ቢጫ የአምበር ዶቃ ጥቅጥቅ አድርገው ያስራሉ፣ ጌጥ ነው ይባላል። ሐዳ ግን ዶቃውን ከፍ እያደረገች ከስሩ የምታጥበው እሷ ስለሆነች የጌጡን ምክንያት ታውቃለች። የእናቷ አንገትም እንደዚያ ነበር። በልጅነቷ እንቅልፍ የሚወስዳት መዳፏን እዚያ እብጠት ላይ አሳርፋ ነው። በሕይወቷ ተጸይፋው የማታውቀው የሰው ገላ ቢኖር ያ ነው።

ያ እና ቱዳ። ቱዳ የሟች እህቷ ልጅ ናት። ሐዳ ራሷ አልወለደችም፤ ባሏ በዚሁ ሰበብ ሌላ አግብቶ ወደ ካዛብላንካ ሲሸሽ እህቷ ሞታ ቱዳ ገና በእቅፍ ነበረች። በአንድ ሰሞን አንዱ ሄደ፣ አንዷ መጣች፤ ሐዳም የመጣችውን ይዛ የሄደውን ረሳችው። ቱዳ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። የወይራ ዘይት መጭመቂያ ቤት ያላቸው ሰዎች ልጅ የሆነውን ዘይድን ትወዳለች፣ ዘይድም ይወዳታል። ችግሩ ዘይድ እናት አለችው።

ላላ ራብሐ ትባላለች፤ «ላላ» እንደ «እመቤት» ያለ የክብር መጠሪያ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መጭመቂያውንም ወንዶቹንም የምትነዳ፣ በየሐሙሱ ሐማም መጥታ ሞቃቱ ክፍል መካከል፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ድንጋይ ላይ የምትጋደም ሴት ናት። ዶቃዋ ከማንም ይበልጣል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆና የማታዝዘው ሰው አልነበረም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ድምፅዋ ሻክሯል። ሴቶቹ «ዶሮዋ ታመመች» እያሉ ከኋላዋ ያሾፋሉ፣ ፊት ለፊቷ ግን ጀርባዋን ለማለቅለቅ ይሽቀዳደማሉ። ሐዳ ሁለቱንም ሲያደርጉ ስታይ ያቅለሸልሻታል።

አሁን ስለ ልማዱ ልንገራችሁ። ልጃገረድ ከመታጨቷ በፊት የወንዱ እናት ወደ ሐማም ትወስዳታለች። አሺዋ፣ እንደ ሐዳ ያለችው ገላ ፈታጊ ማለት ነው፣ ልጅቷን ታጥባለች፤ በኋላ አማቲቱ አሺዋን በቀዝቃዛው ክፍል ጥግ ይዛ «እህሳ?» ትላለች። አሺዋም ጠባሳ አላት፣ የላትም፣ ጡቷ ጤናማ ነው፣ እግሯ ቀጥ ያለ ነው እያለች ትመልሳለች። ያገባች ሴት፣ መበለትም ብትሆን፣ ገላዋ ላይ የተገኘ ነገር ግን እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ ይቀራል። ስለ ባለትዳር ያወራች አሺ በማግስቱ ጓንቷን ሰቅላ ትሄዳለች። ለሚከፍል ሰው ምስጢር፣ ለልጃገረድ ገበያ። ሐዳ ይህን ልማድ ትጠላዋለች፣ እንጀራዋም እሱው ነው።

ራብሐ ቱዳን ይዛ የመጣች ቀን ሐዳ ጓንቷን አጥልቃ ስትጠጋ በእጇ ገፋቻት።

«አንቺ ዘመድ ነሽ። ዛሬ እኔው ነኝ የማየው።»

አየች፤ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አየች። ጥርስ፣ ፀጉር፣ ብብት፣ የጉልበት ጀርባ። ቱዳ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ሐዳ ባልዲዋን በሁለት እጇ ይዛ እጀታውን ልትሰብረው ደርሳለች። ራብሐ በመጨረሻ አውራ ጣቷን ቱዳ ጉሮሮ ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?» አለች ቱዳ።

«ዋጪ እስቲ። ድገሚ። ይኸው፣ አብሮ ወጣ ወረደ። አንድ ነገር አለ እዚህ ጋ።» ከዚያ የሻከረ ድምፅዋን እንደምንም ከፍ አደረገችው። «ሴቶች! ኑ እስቲ ንኩልኝ። እኔ ነኝ ወይስ እውነት ነው?»

መጡ። አንዷም አልቀረች። ሳሙና የለቀለቀው ጣት፣ እድፍ የያዘ ጥፍር፣ ተራ በተራ የልጅቷን ጉሮሮ ነካካ። አንዷ «አለ» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ ትንሽ ናት»፣ ሦስተኛዋ ያገኘችውን አጥታ እንደገና ትፈልጋለች። ሐዳ ዕድሜዋን ሙሉ ካየችው እድፍ ሁሉ እንደዚያ ቀን ያስጠላት የለም።

«እንቅርት ናታ» አለች ሐዳ። «እዚህ አገር የሌለው ማን ነው?»

«የኛ እንቅርት አንገት ሙሉ ነው የሚያብጠው» አለች ራብሐ። «ይቺ ለብቻዋ የተቀመጠች ጓጎላ ናት። የአክስቴን ልጅ የወሰዳት ክፉው በሽታ እንዲህ ነው የጀመራት።»

ካንሰርን እዚህ በስሙ አንጠራውም፣ ክፉው በሽታ ነው የምንለው። ቱዳን የነኩት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ባልዲያቸው ተመልሰው እጃቸውን ተለቃለቁ። ቱዳ ይህን አየች። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

«ከሐኪም ወረቀት ታምጣ» አለች ራብሐ ፎጣዋን እየጠቀለለች። «ያለዚያ ስኳሩ አይመጣም።»

ስኳሩ ማለት በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለው፣ የወንዱ ቤተሰብ ለእጮኝነት ይዞ የሚመጣው ሾጣጣ ስኳር ነው። ስኳር ካልመጣ ቃል የለም። ዘይድ ወሬውን ሲሰማ የሐዳ በር ድረስ መጥቶ ተሸማቆ ቆመ። እንደ ቱዳ እሱም አክስቴ ለማለት «ኻልቲ» ይላታል።

«ኻልቲ ሐዳ፣ እኔኮ ምንም አልልም። እናቴ ደስ ካላት...»

«እናትህን ልታገባ ነው እንዴ?» አለችውና በሩን ዘጋችበት።

ሐኪሙን የመረጠችው ራብሐ ናት፤ አብራም ሄደች። ቤኒ መላል ከተማ ውስጥ የራሱ ክሊኒክ ያለው፣ በደጁ የዓሣ ገንዳ ያስቀመጠ፣ ቀለበቱ ጣቱን ሊቆርጠው የደረሰ ሰው ነው። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አንገታቸውን በሻሽ የጠቀለሉ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ሻሿን ስታላላ ሐዳ ስፌቱን አየችው። ከአጠገቧ ያለችውም እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ የሚያህል ስፌት አላት። በአንድ መቀስ የተቆረጠ ጨርቅ ይመስላሉ።

ሐኪሙ ቱዳን አስተኝቶ ቀዝቃዛ ጄል አንገቷ ላይ ጨመቀና የአልትራሳውንዱን እጀታ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሳበው። ዓይኑ ግማሹ ስልኩ ላይ ነበር።

«እጢ አለ» አለ።

«ምን ዓይነት?» አለች ሐዳ።

«አውጥተን እናያለን። የታይሮይድ ዕጢውን በሙሉ ማንሳት ነው፣ ከዚያ በኋላ ጭንቀት የለም። ዕድሜ ልክ በየጠዋቱ አንድ ኪኒን መዋጥ ነው፣ ቀላል ነገር።»

«ክፉው በሽታ ነው?»

«አውጥተን እናያለን አልኩሽ እኮ።»

ጣቱ ላይ የቀረውን ጄል በወረቀት ጠረገና፣ ሳይታጠብ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሳህን ለውዝ አንስቶ ጎረሰ። ሐዳ የለውዙን ቅርፊት ከንፈሩ ላይ አየችና ቱዳን ከአልጋው አስነሳቻት። ራብሐ ግን ደስ አላት።

«ይቆረጥ። ሒሳቡን እኔ እችላለሁ» አለች በደረጃው ስትወርድ። «ስንጥቁ ሳይደፈን ቤት አልገዛም።»

ቱዳ የሐዳን ክንድ ያዘች። «ኻልቲ፣ ይቁረጡኝ። ምን አለበት? ሻሽ አደርጋለሁ።»

«ሻሽ!»

«ዘይድን ከማጣ።»

ሐዳ በሕክምና አታውቅም። ቀዶ ጥገናው ትክክል ይሁን ስህተት የምትለይበት ምንም አልነበራትም። የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጁን የማይታጠብ ሰው ልጇን አይቆርጥም። ይህንኑ አለች፣ ደጋገመችው፣ ራብሐ እስክትሰለቻት። በመጨረሻ በዚያው ከተማ ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል እንዲሄዱ ተስማሙ፤ ራብሐም «ወረቀቱን እናንተው እንዳትጽፉት» ብላ አብራ ገባች።

እዚያ የዓሣ ገንዳ የለም። ያለው ሰልፍ፣ የሚያለቅስ ሕፃንና የበረኪና ሽታ ነው። ሐዳ የበረኪናውን ሽታ ሳበችውና ከብዙ ቀን በኋላ ተነፈሰች። ዶክተር ግዝላን የምትባለው ወጣት ሐኪም ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ፈገግታ አልነበረም። ቱዳ ስትገባ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እስከ ክርኗ። ሐዳ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

ዶክተሯ ከቱዳ ጀርባ ቆማ በሁለት እጇ አንገቷን ዳበሰች፣ ዋጪ አለቻት፣ ከመንጋጋዋ ስር እስከ ትከሻዋ ፈለገች። ከቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ካንሰር የያዘው አለ? ልጅ ሆነሽ አንገትሽ ላይ የጨረር ሕክምና ተደርጎልሻል? ስትውጪ ይይዝሻል? ድምፅሽ ተለውጧል? ቱዳ ለሁሉም አይ አለች። የደም ምርመራው ውጤት ደህና ነው። ከዚያ ማሽኑ መጣ፣ እና ዶክተሯ ሳትቸኩል፣ ልክ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው፣ ያንን ቦታ በቁመትም በወርድም አየችው። ማያውን ወደ ሐዳ አዞረችው።

«ይኸውልሽ። ምን ይመስላል?»

ሐዳ አፍጥጣ አየች። ክብ ነገር ነው፣ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻ።

«በግሪር» አለች። በጠዋት በማርና በቅቤ የምንበላው፣ ላዩ ሺህ ቀዳዳ የሆነው ቂጣ ነው።

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ልክ ነሽ፣ በግሪር ነው። እንዲህ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን አልፈራውም። እንቅርት ባለበት አገር ብዙ ሴት ይሄ አላት፣ ሳታውቀው ኖራ ሳታውቀው ታረጃለች። በመርፌ መውጋትም አያስፈልገውም። ከዓመት በኋላ ትምጣና ልየው፣ በቃ።»

«ሳትወጊ በምን አወቅሽ?» አለች ራብሐ ከጥጉ።

«የምወጋው የሚያጠራጥረኝን ነው፣ እናቴ። ያገኘሁትን ሁሉ ብወጋ አገሩ ወንፊት ይሆናል።»

«የሚያጠራጥረውስ ምን ዓይነት ነው?»

«በማሽኑ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ውስጥ የሚጠልቅ፣ ውስጡ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጫጭ ነጥብ ያለው። በእጅ ሲነካ ድንጋይ። ሰውየው ሲውጥ አብሮ የማይወጣ፣ ተጣብቆ የሚቀር። አንዳንዴ ድምፅን የሚያሻክር። እንዲህ ያለ ሲመጣ በቀጭን መርፌ ቀድቼ አስመረምራለሁ። እሱም ቢሆን ሁሉም ክፉ አይሆንም፤ ሳይመረመር መተው ግን አይቻልም።» ከዚያ ወደ ራብሐ ዞር አለች። «የእርስዎ ድምፅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሠራተኞቼ ናቸው የሚያስጮሁኝ» አለች ራብሐ፣ ሻሿን ዶቃዋ ላይ እየሳበች። ነርሷ ቀጣዩን በሽተኛ በጋሪ ስታስገባ እነሱ ወጡ።

ሐዳ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ዶክተሯ «ድንጋይ» ስትል የቀኝ እጇ ጣቶች ብቻቸውን ታጠፉ። ጣቶቿ ያንን ያውቁታል። በየሐሙሱ የራብሐን ቢጫ ዶቃ ከፍ አድርገው ያገኙታል፣ በግራ በኩል፣ የወይራ ፍሬ የሚያህል። መጥረጊያ የያዘች ሴት ደጅ ላይ የተተከለ ድንጋይን ዞራ እንደምትጠርግ ጣቶቿም ሲዞሩት ኖረዋል። የተራራ ሴት አንገት ላይ እብጠት ማግኘት እኮ እንደ እምብርት ማግኘት ነው። ማን ልብ ይለዋል?

በታክሲው ውስጥ ራብሐ ከፊት ተቀምጣ ሙሉውን መንገድ ተናገረች። «በግሪር አለች! የልጄን ሚስት ቁርስ አደረገቻት እኮ። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት አልቀበልም። ያኛው ትልቅ ሐኪም ነው፣ ሰኞ ይቁረጣት፣ ዓርብ ስኳሩን እናመጣለን። ካልፈለጋችሁ ደግሞ ከተማው ሴት ሞልቶታል።»

«እሺ ላላ ራብሐ» አለች ቱዳ።

ሐዳ ጭንቅላቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከፊቷ የተቀመጠውን ማጅራት ላለማየት የወይራ ዛፉን ስታይ መጣች። ጤናማዋ ልጅ ልትታረድ ነው፣ የምታሳርዳት ድንጋዩን ጉሮሮዋ ውስጥ ይዛ ትቀልዳለች። ይብላት፣ አለች በልቧ። አምበሯን እንዳሰረች ይብላት። ይህን ስታስብ ደስ አላት፣ አልዋሽም፤ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ደስታው አለቀቃትም። አፏን ብትከፍት ደግሞ ሥራዋን ታጣለች። ስለ ባለትዳር ገላ ያወራች አሺ የት ትገባለች? ዝም ማለት ምንም አያስከፍላትም፣ ማንም አይጠይቃትም።

በማግስቱ ሐሙስ ራብሐ እንደ ልማዷ መጥታ ድንጋዩ ላይ ተጋደመች። ክፍሉ ሙሉ ነው። ሐዳ ጥቁሩን ሳሙና ቀባቻት፣ ጀርባዋን ፈተገች፣ ክንዷን ፈተገች። እድፉ እየተድበለበለ ወረደ። ስታዞራት ዶቃዎቹ በአንድ በኩል ተንከባለሉ። ሐዳ ከፍ አደረገቻቸው፣ እና ጣቷ እዚያው ሄዶ አረፈ።

«ምራቅዎን ይዋጡ» አለች።

«ምን?»

«ይዋጡ እስቲ።»

ራብሐ ዋጠች። ጉሮሮዋ ወጣ፣ ተመለሰ። ድንጋዩ ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

ሐዳ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍታባት ወደምትቀጥለው ሴት ማለፍ ትችል ነበር። ይህን አሰበችው። ነገር ግን ጣቷ ከዚያ ቦታ አልነሳም አለ። ራብሐን ወዳ ሳይሆን ጣቷን ጠልታ ተናገረች ብል ይሻላል፤ ያንን ነገር በየሳምንቱ እያሸች፣ እያወቀች፣ በዚያው ጣት ማንኪያዋን ይዛ መብላት አይሆንላትም።

«እጅዎን ይስጡኝ።» ወሰደችና አስቀመጠችላት። «እዚህ ጋ። ይጫኑት። አሁን እንደገና ይዋጡ።»

«ይሄማ የቆየ ነው። እናቴም ነበራት።»

«የእናቶቻችን ይወጣ ይወርድ ነበር። ይሄ አይወርድም። ዶክተሯ ያለችውን ሰምተዋል። ድንጋይ የሆነ፣ የተጣበቀ፣ ድምፅ የሚያሻክር።»

ራብሐ ብድግ ብላ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ምንም እንኳ ዝቅ የሚል ድምፅ ባይቀራትም። «በዚህ ነው እንዴ ሰርጉን የምትገዢው? ልታስፈራሪኝ?»

«ሰርጉ ገደል ይግባ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሄደው ይታዩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«እጄ ካገኘው ዓመት አልፎታል። የሚያስፈራ መሆኑን የሰማሁት ከእርስዎ ጋር ነው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ።»

«ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ?»

«ስለ ልጃገረድ አንገት ይጠይቁኛል። ስለ አማት አንገት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ራብሐ ዙሪያዋን አየች፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን እያበጠሩ ያወራሉ። ሐዳ፣ ራብሐ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። ያኛዋ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንዳትናገሪ። ያላገባች ሴት ልጅ አለችኝ። የእናቷ አንገት እንዲህ ነው ከተባለ ማን ይወስዳታል?» ዶቃዋን ወደ ቦታው መለሰችና «ነገ ውሰጂኝ» አለች።

«ያ ትልቁ ሐኪም አለልዎት አይደል? ለውዝ የሚበላው?»

«እሱ ጋማ አልሄድም። ያቺ... እጇን የምትታጠበው። እሷ ትየኝ።»

ሐዳ ይህን ስትሰማ አፏ ውስጥ መራራ ነገር መጣባት፤ እዚያው የውሃ መውረጃው ላይ ተፋችው።

«የኔን ልጅ ለእሱ፣ የራስዎን አንገት ለእሷ።»

ራብሐ ዓይኗን ወደ ባልዲው አዞረች።

«እወስድዎታለሁ» አለች ሐዳ። «መጀመሪያ ግን ይናገሩ። ያን ቀን በጮኹበት ድምፅ፣ ለእነዚሁ ሴቶች። የቱዳ አንገት ንጹሕ ነው ይበሉ። አለበለዚያ መንገዱን ያውቁታል፣ ለብቻዎ ይሂዱ።»

ራብሐ ድንጋዩ ላይ ቀና አለች። «ሴቶች» አለች። ማንም አልዞረም። ባልዲ ይንኳኳል፣ ውሃ ይደፋል፣ ሕፃን ይጮሃል። «ሴቶች፣ የቱዳ አንገት...» የወጣው አየር ብቻ ነው። አንዷ ፀጉሯን እየጨመቀች «ምን አለች?» አለች። ሌላዋ «ዶሮዋ ዛሬ ጭራሽ ተዘጋች» ብላ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ራብሐ እንደገና ሞከረች። የአንገቷ ጅማት ተወጠረ፣ ቢጫ ዶቃዎቹ ጉሮሮዋ ላይ ተንቀጠቀጡ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

ሐዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተመኘችው ይህን ነበር፤ ራብሐ በዚሁ ክፍል፣ በእነዚሁ ሴቶች ፊት ስትዋረድ ማየት። ይኸው አየችው። ከዕድሜዋ ሁሉ የከፋው መጸየፍ መጣባት፣ ግን ይህኛው ወደ ራብሐ አልሄደም። የታመመች ሴት ጉሮሮ ጨምቃ ቃል ልታወጣ የቆመችው ሐዳ ራሷ ናት። ሌሎቹ በጣታቸው ነኩ፣ እሷ በምላሷ ነካች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ባልዲዋን ድንጋዩ ላይ ደበደበችው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ላላ ራብሐ የምትለው» አለች ሐዳ፣ «የቱዳ አንገት ንጹሕ ነው። በማሽን ታይቷል። አይቆረጥም።» ወደ ራብሐ ዞረች። ራብሐ አገጯን ዝቅ አድርጋ አረጋገጠች። «ስኳሩ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይመጣል» ጨመረች ሐዳ። ራብሐ አሁንም አገጯን ዝቅ አደረገች።

አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ባለፈው እጃቸውን የተለቃለቁት እነዚያው ናቸው። ሐዳ አላየቻቸውም። ራብሐ ገና ሳሙናው ስላልለቀቃት ተመልሳ ተጋድማለች፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ሐዳ ትጠላታለች። ያን ቀንም ትጠላት ነበር፣ ዛሬም ትጠላታለች። ጓንቷን አወለቀችና ዶቃዎቹን ከፍ አድርጋ በባዶ መዳፏ የራብሐን አንገት ማጠብ ጀመረች፣ ድንጋዩን ሳትዞረው፣ ቀስ ብላ፣ የእናቷን ትይዝ እንደነበረው። ራብሐ ዓይኗን ጨፍና አገጯን ቀና አደረገችላት።